ሪቨርስ ሬንጅ ኩዌሪ ምንድን ነው?

በሁለት ቁልፎች (ረድፎቹ በሚደረደሩባቸው መለያዎች) መካከል ያሉ ረድፎችን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ ነው። «በተለመደው ቅደም ተከተል አምጥቶ መገልበጥ ነው፤ ምኑ ይከብዳል?» የሚል መልስ አሁንም አሁንም ይሰጣል። ሊሚት 10 (ከ10 ረድፍ በላይ አትመልስ የሚል ገደብ) ባለበት ኩዌሪ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን 10 ረድፎች አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ነው፣ ተገልብጠው።

«እሺ፣ መነሻና መድረሻውን እናቀያይራ!» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ሬንጁ አይነካም። ከ300 እስከ 500 ሲባል 300 ይካተታል፣ 500 አይካተትም፤ ከየትም ወገን ቢነበብ ያው ነው። የሚለወጠው የጉዞው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ዳታው በሻርድ (እያንዳንዱ የራሱን የቁልፍ ክልል በሚይዝ ክፍል) ሲከፋፈል ጣጣው ይመጣል። ባለሁለት ቅጽ መዝገበ ቃላት አስቡ፦ አንደኛው ከ«ሀ» ተነስቶ «መ» ሳይደርስ ያበቃል፣ ሁለተኛው ከ«መ» ይጀምራል። «ከመ በፊት ያሉትን ከመጨረሻው ጀምረህ አንብብልኝ» ሲባል «መ» ያለችበትን ቅጽ የሚያወጣ ሰው አንድም ቃል አያገኝም። ሻርድ 1 ከ0 እስከ 500፣ ሻርድ 2 ከ500 እስከ 1000 ቢይዙ፣ ለ500 ሻርድ 2ን የሚመርጥ ኮድም ያው ነው። ባዶውን «አለቀ» ብሎ ከወሰደው ረድፎቹ ያለ ምንም ኤረር ይቀራሉ። ከሻርዱ መነሻ ተነስቶ እንደገና የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ያው 500፣ ያው ሻርድ 2፤ ማቆሚያ የሌለው ሉፕ።

ጥገናው አንዲት ምልክት ናት። ወደፊት ሲኬድ የሚፈለገው መነሻው <= ቁልፉ የሆነ የመጨረሻው ሻርድ ነው፤ ወደኋላ ሲኬድ ግን መነሻው < ቁልፉ መሆን አለበት። ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ ፈንክሽን ለመጠቀም ሲባል <=ን ከሁለቱም ማንሳት የደህናውን ወገን ማበላሸት ነው።

ገጽ በገጽ ሲነበብም እንዲሁ። ወደፊት የሚቀጥለው ገጽ ከመጨረሻው ቁልፍ ላይ አንድ ዜሮ ባይት ተጨምሮ ይነሳል፣ ያ ቁልፍ እንዳይደገም። ወደኋላ ምንም አይጨመርም፤ የመጨረሻው ቁልፍ ራሱ የማይካተተው አዲስ ጫፍ ይሆናል። ዜሮዋን እዚህም የጨመረ በየገጹ አንድ ረድፍ ይደግማል፤ በሊሚት 1 ከሆነማ ከዚያች ረድፍ አያልፍም።

ወደኋላ ማንበብ ዝግ ማለቱን ግን ባግ አትበሉት። መዝገበ ቃላቱ ከላይኛው ቃል ጋር የሚጋራቸውን ፊደላት ሳይደግም የተጻፈ ቢሆን፣ ከታች ወደ ላይ የሚያነብ በየጊዜው ሙሉ ወደተጻፈው ቃል መመለስ ግድ ይለዋል። ሮክስዲቢ የተባለው የዳታ ማከማቻም በብሎኩ (ቁልፎች በአንድነት በሚቀመጡበት የፋይል ክፍል) ውስጥ በነባሪ ሙሉ ቁልፍ የሚጽፈው በየ16ቱ ቁልፍ ነው። ሌላም አለ፦ እንደ ኮክሮችዲቢ የአንድን ቁልፍ አዲስ ቨርዥን አስቀድሞ የሚደረድር ዳታቤዝ ላይ፣ ወደኋላ የሚሄድ አንባቢ መጀመሪያ የሚያገኘው አሮጌውን ነው። «ያገኘሁትን የመጀመሪያውን ልውሰድ» ያለ ኮድ ያረጀ ዋጋ ይመልሳል።

ቴስቱን በዘፈቀደ ቁልፎች ብቻ አትሥሩት፤ ድንበሩን ላይነኩት ይችላሉ። ሻርዱን ልክ 500 ላይ ስንጠቁት፣ ከ300 እስከ 500 በሊሚት 1 ገጽ በገጽ ወደኋላ አንብቡ፣ ያለ ሊሚት ወደፊት ከተነበበው ሙሉ ዝርዝር ግልባጭ ጋር አስተያዩት።