የክት ሰዓቶች፦ የአካላቸው ቅርጽና እጅ ላይ አቀማመጣቸው

የክት ሰዓት ሱፍ ሲለበስ የሚታሰር ቀጭን ሰዓት ነው። አካሉ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ወይም ፕላቲነም፣ ማሰሪያው ደግሞ ቆዳ ነው። ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው ስፋቱን ነው፤ «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ይላል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ሰዓቱ እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አይናገርም።

የስዊዘርላንዱን ሰዓት ሠሪ የፓቴክ ፊሊፕን ካላትራቫ፣ ሞዴል ቁጥር 96ን እንይ። የወጣው በ1932 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የስተርን ቤተሰብ ኩባንያውን በገዛበት ዓመት። ስፋቱ 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ «የሴት ሰዓት ነው» የሚል አይጠፋም። ያኔ ግን ትንሽነት ነውር አልነበረም። ለአፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 በስዊዘርላንድ ጉብኝታቸው የተበረከተው ቁጥር 2497 እንኳ፣ የጨረቃ ዙርና ዘላለማዊ ቀን መቁጠሪያ (የወራቱን ርዝመት ራሱ የሚያውቅ) ይዞ፣ 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሰዓት በ2015 ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሳበት ከጨረታው ወጣ። በ2017 ጄኔቫ ውስጥ ተሸጠ።

ወደ 96 እንመለስ። ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን አራት ቀንዶች ከጎን ይዩዋቸው። በኋላ የተለጠፉ አይመስሉም። ከአካሉ ወጥተው ወደ ታች ጎንበስ ይላሉ፤ ሰዓቱም እጅ ላይ ልክክ ይላል። በ1985 የመጣው ቁጥር 3919 ግን ቀንዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። የ2021ዱ ቁጥር 6119 ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር ቢደርስም ቀንዶቹን እንደ 96 አጎንብሷል። ጥሩ አደረጉ።

ክብ ሰዓት ላይ ዓይንን የሚያታልለው የመስታወቱ ዙሪያ፣ ማለትም መስታወቱን የከበበው ቀለበት ነው። የቫሸሮን ኮንስታንቲንን ፓትሪሞኒ፣ በእጅ የሚሞላውን ባለ 40 ሚሊ ሜትር እንይ፤ ውፍረቱ 7 እንኳ አይሞላም። ዙሪያው በጣም ቀጭን ስለሆነ ገጹ ሰፍቶ ይታያል፤ ሰዓቱም ከልኩ በላይ ትልቅ ይመስላል። ለቀጭን እጅ የጀርመኑ ላንገ ሳክሶኒያ ቲን ይሻላል፦ ስፋቱ 37፣ ውፍረቱ 5.9።

አራት ማዕዘኖቹ ሌላ ሒሳብ አላቸው። ሉዊ ካርቲየር በ1917 የነደፈው ታንክ የተባለ ሰዓት የተለየ ቀንድ የለውም። ሁለቱ የጎን ዘንጎች ወጣ ብለው ማሰሪያውን ይይዛሉ። ትልቅ የሚባለው ታንክ ሉዊ ካርቲየር 33.7 በ25.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጅጌ ስር ሹልክ ይላል። የ1931ዱ የዣገር ለኩልትር ሬቨርሶ የተሠራው በሕንድ ፖሎ ሲጫወቱ የሰዓታቸው መስታወት እየተሰበረ ለተቸገሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ነው። አካሉ ተንሸራቶ ይገለበጣል፤ መስታወቱም ወደ ውስጥ ይዞራል። ከስሩ የሚሸከመው ተጨማሪ ሳህን ስላለ ግን እንደ ታንክ ቀጭን አይደለም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ቀንዶቹን በደንብ ይመልከት። ወርቅ ለስላሳ ነው። በተወለወለ ቁጥር ጠርዙ ይበላል፤ ስል የነበረው ይዶለዱማል። የተጫረ ግን ያልተወለወለ ሰዓት ከሚያብረቀርቀው የበለጠ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።