በሞት ሸለቆ ድንጋዮቹን ማን ይገፋቸዋል?

በካሊፎርኒያው የሞት ሸለቆ፣ ሬስትራክ ፕላያ በተባለ ደረቅ የሐይቅ ወለል ላይ፣ ድንጋዮች ከኋላቸው ረጅም ፈር ጥለው ይታያሉ፤ በዙሪያቸው ግን የሰውም የእንስሳም ዱካ የለም። ለአሥርት ዓመታት ብዙ ተብሎበታል።

ገፊው በረዶ ነው። በብርዱ ወራት ዝናብ ሲጥል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሌሊት ላዩ በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ልክ እንደ መስኮት መስታወት። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይሰነጣጠቅና ሰፋፊ ገበታ ሆኖ ይንሳፈፋል። ለስለስ ያለ ነፋስ ገበታውን ይነዳዋል፤ ገበታው ደግሞ ድንጋዩን በላቆጠው ጭቃ ላይ በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሜትር ይገፋዋል። በጣም የሚደንቀው ይሄ ነው፤ ማዕበል አያስፈልግም!

ተመራማሪው ሪቻርድ ኖሪስና የአጎቱ ልጅ ጄምስ ኖሪስ ጂፒኤስ የተገጠመላቸው ድንጋዮች አስቀምጠው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 እንቅስቃሴውን በዓይናቸው አይተዋል። ለጎብኚ፦ ወለሉ እርጥብ ሲሆን አይረገጥም፤ የእግር ዱካ ለዓመታት ይቀራል።