500 ኤስኢኤል እና ኤስ 500፦ ሁለት ስም፣ አንድ መኪና

ያገለገለ መርሴዲስ ኤስ ክላስ የሚያፈላልግ ሰው አንዱ የኋላ ክዳን ላይ «500 ኤስኢኤል»፣ ሌላው ላይ «ኤስ 500» ተጽፎ ያያል። ሁለተኛው አዲስ ትውልድ ይመስለዋል። የግድ አይደለም። ሁለቱም በትውልድ መለያቸው ደብልዩ 140 የሚባሉት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ታይቶ እስከ 1998 የተመረተው ግዙፉ ኤስ ክላስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1993 ኩባንያው የሞዴሎቹን አጠራር ቀየረ። ፊደሉ ወደ ፊት መጣ፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ ሄደ። በድሮው አጻጻፍ «ኢ» ነዳጁ በኢንጀክሽን እንደሚረጭ፣ «ኤል» ደግሞ መኪናው ረጅሙ ዓይነት መሆኑን ይናገራሉ። የኤስ ክላስ ቤንዚን ሞተሮች ግን ያኔ ሁሉም ኢንጀክሽን ስለነበሩ «ኢ» ሥራ ፈት ሆና ነበር።

ይበልጥ የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። የ400 ኤስኢ ሞተር 4.2 ሊትር ነበር። ስሙ ሲቀየር ኤስ 420 ተባለ። ቁጥሩ ጨመረ እንጂ ሞተሩ ያው ነው። 300 ኤስኢም 3.2 ሊትሩን እንደያዘ ኤስ 320 ሆነ። ለኔ አዲሱ አጠራር ቢያንስ አይዋሽም።

ትውልዱን ለመለየት መስኮቱን ይዩት፤ መስታወቱ ድርብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ ደግሞ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ከኋላ ፓራፋንጎ ብቅ የሚሉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። ለፓርኪንግ መለኪያ መሆናቸው ነው!

መለዋወጫ ሲገዙ ግን ጽሑፉን ትተው ሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ ካልተሠራ በቀር ከመጀመሪያዎቹ 3 ፊደላት ቀጥሎ 140 ያገኛሉ።