የዌስተርን ዩኒየን ቅጥያ ምንድን ነው?

ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ለመቀጠል ጫፎቻቸው ተሻግረው አንዱ በሌላው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠመጠምበት ዘዴ ነው። ስሙ የመጣው ያኔ የቴሌግራፍ ድርጅት ከነበረው ከአሜሪካው ዌስተርን ዩኒየን ነው። ሽቦው ሲጎተት ቅጥያው ከመላላት ይልቅ ይጠብቃል፤ ለሚንቀጠቀጥ መኪናም የሚፈለገው ይኸው ነው።

ጋራዥ ውስጥ ግን የሚዘወተረው ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ነው። የናስትሮው ሙጫ በሞተር ሙቀት ይለቃል፣ እርጥበት ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። እንዲህ ያለ ቅጥያ 0.2 ኦም ሬዚስታንስ (ለከረንት እንቅፋት) ብቻ ቢያበጅ 5 አምፔር ከሚወስድ የፊት መብራት 1 ቮልት ይሰርቃል፤ እዚያችው ነጥብ ላይም 5 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ከረንቱ ስላልጨመረ ፊውዙ አይቃጠልም፤ የሽቦው ፕላስቲክ ዝም ብሎ ይቀልጣል።

ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጋቲቭ በመፍታት ነው። ውስጡ ሙጫ ያለው ሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ የሚጠብ የፕላስቲክ ቱቦ) ከመጠምጠም በፊት ሽቦው ላይ ይግባ (የሚረሳው ሁልጊዜ ይሄ ነው)። ከየጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጣል፤ የተበጠሰ ክር ካለ ቆርጦ እንደገና መላጥ ነው። የተላጡትን መሃል ለመሃል አሻግሮ እያንዳንዱን ጫፍ 4 ወይም 5 ጊዜ አጥብቆ መጠምጠም፣ ሹል ጫፉንም በፒንሳ መጫን፤ አለዚያ ሂት ሽሪንኩን ይበሳል።

ከዚያ ቅጥያው በሊድ ይበየዳል። ሊዱ ባለ ሮዚን 60/40 (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) ይሁን፤ አሲድ ያለው ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ ብረቱን የሚያጸዳ ነገር) ውሎ አድሮ መዳቡን ይበላል። ካውያው (የሊድ መበየጃው) ሽቦውን ያሙቅ፣ ሊዱን የሚያቀልጠው ሽቦው ይሁን። የክሮቹ ቅርጽ እየታየ ሳለ ማቆም ይገባል። የበዛ ሊድ በፕላስቲኩ ሥር ሰርጎ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ሲንቀጠቀጥ የሚሰበረውም ቅጥያው ሳይሆን ሊዱ ያቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኙ ከሽቦው እሽግ ጋር ይታሰር። ሂት ሽሪንኩ በሁለቱም በኩል ፕላስቲኩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ፣ ሙጫው በጫፎቹ ብቅ እስኪል ይሞቃል። ብዙ ሽቦ አብሮ ከተበጠሰ ቅጥያዎቹን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቆ መሥራት ነው፤ አንድ ቦታ ከተከመሩ ያብጣሉ።

መብራቱ በርቶ በቅጥያው ግራና ቀኝ ባሉት ሶኬቶች መካከል በቮልት መለኪያ ሲለካ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅጥያው ነው። ለወፍራም የባትሪ ኬብል ይህ ዘዴ አይሆንም። የኤርባግ ሽቦ ደግሞ አይቀጠልም፤ ሙሉውን መቀየር ነው።