ትል ያልነው ሁሉ ትል አይደለም እኮ

እዚህ ኮምቦልቻ የጎረቤት ልጆች ባዮሎጂ ሳስጠና አንዷ "ጋሼ ኮሶና ወስፋት አንድ ናቸው አይደል?" አለችኝ። እሷ ምን ታርግ፣ ወሎ ውስጥ ትልቁም ሰው የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ስለዚህ የምሰማቸውን እስኪ ልጻፍ።

"ትል ሁሉ አንድ ዘር ነው" ይባላል። አይደለም! ኮሶ ጠፍጣፋ ትል ነው፣ አፍም አንጀትም የለውም፣ እኛ የፈጨነውን በቆዳው ነው የሚመጠው። ወስፋት ደግሞ ድቡልቡል ነው፣ አፍ አለው፣ ምግቡ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ ይወጣል። የመሬት ትል ሰውነቱ ቀለበት በቀለበት ነው፣ ደም ስር ሁሉ አለው፣ ዘመዱም አልቅት ነው። ይሄ የፈተና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ለወስፋት አልቤንዳዞል ይሰጣል ለኮሶ ግን ፕራዚኳንቴል፣ የቢልሃርዚያ ትልም ከጠፍጣፋዎቹ ወገን ስለሆነ በዚሁ በፕራዚኳንቴል ነው የሚታከመው፣ ስለዚህ ጎረቤት የተረፈውን ኪኒን ተቀብሎ መዋጥ ይቅርባችሁ በናታችሁ፣ ተመርመሩ።

"ኮሶው ተቆርጦ ወጣልኝ፣ ተገላገልኩ" የሚል ደግሞ አለ። የወጣው ጭራው ነው እኮ። ጭንቅላቱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፣ በ4 መምጠጫ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አዲሱ ቁራጭ የሚበቅለው ደግሞ ከጭራው ሳይሆን ከጭንቅላቱ ስር ስለሆነ እሱ እስካለ ድረስ እንደገና ያድጋል፣ ከ5 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ቢወጣም ጥሬ ስጋ እስከበላን ድረስ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

አባጨጓሬም ትል አይደለም፣ የቢራቢሮ ልጅ ነው። ስጋ ላይ የሚርመሰመሰውም የዝንብ ልጅ ነው።

"ሸረሪት ነፍሳት ናት" ለሚሉ፣ በ2013 መጀመሪያ ማሽላችንን የጨረሰውን አንበጣ አስታውሱ፣ 6 እግር አለው፣ ሰውነቱም ራስ ደረት ሆድ ተብሎ 3 ቦታ ይከፈላል። ሸረሪት 8 እግር ናት፣ ክፍሏም 2 ብቻ።

ልጆቹ ክረምት ላይ የመሬት ትል በእንጨት እየቆረጡ "ሁለት ይሆናል" ይላሉ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የጭራው ወገን ይሞታል፣ የራሱ ወገን ከተረፈ ጭራ ሊያበቅል ይችላል እንጂ ሁለት አይሆንም። ተቆርጦ ሁለት የሚሆነው ፕላናሪያ የሚባለው ነው፣ እሱም የኮሶ ወገን ጠፍጣፋ ትል ነው፣ ግን ሰው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚኖር።