«ቁጥሩን ብቻ ቀይረው፣ ሌላውን ፕሮግራሙ ይጨርሰዋል»

መርከብን በኮምፒውተር ፕሮግራም በምንነድፍበት ሥራ ከምሰማው ሁሉ ደሜን የሚያፈላው ይሄ አባባል ነው። ለማያውቅ ሰው፦ የመርከብ ላሜራ ብቻውን የባሕሩን ግፊት አይችልም፣ ይጎብጣል። ስለዚህ ከውስጥ እንደ ጎድን አጥንት የሚበየዱ ረጃጅም ብረቶች አሉ። ፕሮፋይል የምንላቸው እነሱን ነው፤ «ቁጥሩ» የሚባለውም ልኬታቸው ነው።

መጀመሪያ ሌሎቹን ትንንሽ የተሳሳቱ አባባሎች ልገላገል።

«ፕሮፋይል መሥራት መስመር መሳል ነው።» መስመሩ ብረቱ የት እንደሚያልፍ ብቻ ነው የሚናገረው። ዓይነቱን፣ ውፍረቱ በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ፣ ጫፉ እንዴት እንደሚቆረጥ ካልነገራችሁት ፕሮግራሙ ቀድሞ የተሞላለትን ይወስዳል።

«የቡልቡ ራስ ወዴትም ቢዞር ለውጥ የለውም።» ቡልብ ፍላት ጫፉ በአንድ ጎን ያበጠ ብረት ነው። በመርከቡ ጎን ላይ እብጠቱን ወደ ላይ ካዞራችሁት በባላስት ታንኩ (መርከቡን ለማመጣጠን የባሕር ውሃ በሚሞላው ጋን) ውስጥ ጭቃ የሚያቁር ቦይ ሠራችሁ። ወደ ታች ይዙር።

«የፈለግኩትን ልኬት ብጽፍ ይቀበለኛል።» ፕሮግራሙ አዎ፣ ብረት ሻጩ ግን አይቀበልም። በአውሮፓው ኢኤን 10067 ስታንዳርድ ከ200 ሚሊሜትር ቀጥሎ ያለው የቡልብ ከፍታ 220 ነው። 210 ብላችሁ በፕሮግራሙ የብረት ዝርዝር (ካታሎግ) ውስጥ ብትፈጥሩ ስክሪኑ ላይ ያምራል፤ ማን ያመርትላችኋል?

«ቡልብና አንግል አንድ ናቸው።» አንግል የኤል (L) ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ለስሌት ያህል፣ እሺ። የክላስ ማኅበራቱ (የመርከብ ጥንካሬ ደንብ የሚያወጡት ድርጅቶች) የጋራ ሕግ ራሱ 200 በ10 ቡልብን፣ ማለትም ከፍታው 200 ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነውን፣ 180 በ10 ቋሚና 38 በ20 ገደማ ከንፈር እንዳለው አንግል አድርጎ ያሰላዋል። ግን አንዴ ያ የስሌት አንግል በቀጥታ የግዢ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ገዢው ደውሎ «ይሄ ብረት የት ነው የሚሸጠው?» አለኝ። ምን ልበለው?

አሁን ወደ ዋናው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ቦታ ጭነቱ ተለወጠና የታችኛው ወለል ቡልቦች ከ160 በ8 ወደ 200 በ10 ማደግ ነበረባቸው። አንድ ጎበዝ ልጅ ሁሉንም መረጠ፣ ቁጥሩን ቀየረ። ቡልቦቹ የሚያልፉባቸው የተሻጋሪ ላሜራ ቀዳዳዎችም አብረው ሰፉ። ስክሪኑ ንጹሕ። ልጁ ምሳ ሄደ።

ችግሩ፣ ላሜራዎቹ ባለፈው ሳምንት በፕላዝማ ተቆርጠው ግቢ ውስጥ ተደርድረዋል። ቀዳዳቸው ለ160 ነው። ብረቱ ሲመጣ 40 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ አልገባ አለ። የበያጆቹ አለቃ ሜትሩን አስጠግቶ ለካ፣ ዞር ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ቀዳዳውን አንድ በአንድ በእጅ በሚያዝ የብረት መቁረጫ ችቦ አሰፉት። በእጅ የተቆረጠ ጠርዝ ደግሞ ይቦረቦራል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም በሞላ ተሞረደ። ክብደቱስ? በሜትር 12.7 ኪሎ የነበረው 20.1 ሆነ። በ300 ሜትር ከ2 ቶን በላይ መጨመሩን ለክብደት ክፍሉ የነገረው የለም።

ስለዚህ ፕሮፋይል ከመንካታችሁ በፊት የትኞቹ ላሜራዎች ለቆረጣ እንደወጡ ጠይቁ። የወጣ ካለ የሪቪዥን ቁጥሩን ቀይራችሁ አሳውቁ። ቀዳዳው ከፕሮፋይሉ ጋር የተያያዘ መሆኑንም አረጋግጡ፤ አንዱ ቸኩሎ ቀዳዳውን በእጁ ከሳለው ቡልቡ ሲያድግ ቀዳዳው እዚያው ይቀራል።

ያ ልጅ ዛሬ ቁጥር ከመንካቱ በፊት ፕላዝማ ክፍል ይደውላል። የእኔንም ለውጥ ሳልደውል አያሳልፍልኝም።