ሐዲድ ዳር መኖር፦ ሰው የሚለውና ባቡሩ የሚለው

ቤቴ ሐዲድ ዳር መሆኑን የሰማ ሰው መጀመሪያ ያዝንልኛል። «እንቅልፍ እንዴት ይወስድሃል?» ይላል። ባቡር ሲመጣ ሥራዬን ትቼ ወደ መስኮት እንደምሮጥ ስነግረው ደግሞ የባሰ ያዝንልኛል። ባለፉት ዓመታት ከእንግዶቼ የሰማኋቸውን አባባሎች ሳስባቸው አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ሰው የማያስፈራውን ይፈራል፣ የሚያስፈራውን ደግሞ ይንቃል።

«ሐዲድ ዳር እንቅልፍ የለም»

የዚህ ተቃራኒም ይባላል፦ «ከለመዱት ምንም አይደለም።» ሁለቱም ልክ አይደሉም።

አውራ ጎዳና ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ባቡር ግን መጥቶ፣ ጮኾ ያልፋል፤ ከዚያ ሌላው እስኪመጣ ጸጥታ ነው። የሁለቱ ድምፅ በአማካይ እኩል በሚለካበት ቦታ እንኳ ሰው በባቡሩ የሚማረረው ያንሳል የሚለው ግኝት ለብዙ ዓመታት ተቀባይነት ነበረው። ጀርመን በዚህ ተነሥታ በድምፅ ስሌቷ ለባቡር የ5 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ቅናሽ ትሰጥ ነበር፤ ለአዳዲስ የሐዲድ ሥራዎች ቅናሹ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሌሊት የባቡር ድምፅ ከቤት ውጭ በአማካይ ከ44 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል።

መልመድስ? አለ። አዲስ ገቢው በየባቡሩ ሲባንን ያድርና ከሳምንታት በኋላ መባነኑ ይቀንሳል። ልብ ግን እንደ ጆሮ ቶሎ አይለምድም። የተኛ ሰው ሲለካ፣ እሱ ሳይነቃ የልብ ምቱ ባቡሩ ሲያልፍ ከፍ ሲል ይታያል። ስለዚህ መኝታውን ከሐዲዱ ወዲያ ባለው ክፍል ማድረግና የመስኮቱን ዙሪያ በደንብ መድፈን ቅንጦት አይደለም። እኔ ባቡር እወዳለሁ፤ አልጋዬ ግን በጓሮ በኩል ነው።

ከጩኸቱ ብዙው የሚመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ሻካራ የብረት ጎማ በሻካራ ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ነው። የድሮ የዕቃ ፉርጎዎች ፍሬን ጎማውን የሚይዘው በብረት ስለሆነ የጎማውን ፊት ያሻክረዋል። ብረቱ በሌላ ቅይጥ ሲተካ ድምፁ እስከ 10 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ለጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስላል። ስዊዘርላንድና ጀርመን በ2020 እ.ኤ.አ. እነዚያን ጯሂ ፉርጎዎች ከሐዲዶቻቸው ከልክለዋል።

«ቤቱን ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል»

ብርጭቆው ሲንጫጫ ግድግዳው የሚፈርስ ይመስላል። ነገሩ ግን የሰው ገላ ንዝረት ለማወቅ እጅግ ስል መሆኑ ነው። ወለሉ በሰከንድ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ሲንቀጠቀጥ እግራችን ያውቀዋል። የጀርመን የንዝረት ደረጃ ለመኖሪያ ቤት መሠረት ያስቀመጠው ዝቅተኛው መጠን ግን በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ የማይደርስ ንዝረት ልስን ያሰነጥቃል ተብሎ አይጠበቅም። ስንጥቅ ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የአፈሩ መስመጥ፣ እርጥበትና የሙቀት መለዋወጥ ናቸው። ይህ ማለት ንዝረት አያስቸግርም ማለት አይደለም፤ ለስላሳ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ከባድ የዕቃ ባቡር ሲያልፍ ወለሉ ያጓራል። ያ ግን የሚነካው እንቅልፍን እንጂ ግድግዳን አይደለም።

«ሌሊት ባቡሩ ይበዛል»

ይበዛ ይሆናል፤ የዕቃ ባቡር ሌሊት መጓዝ ይወዳል። ነገር ግን በቀን ጨርሶ የማይሰማው ሩቅ ባቡር ሌሊት ጆሮዎ ሥር ያለ የሚመስለው በቁጥር ብዛት አይደለም። ቀን መሬት ስትሞቅ ከታች ያለው አየር ከላዩ ይሞቃል፣ ድምፅም ወደ ላይ ታጥፎ ይሄዳል። ጥርት ያለ ሌሊት ላይ ይገለበጣል፤ መሬት ትቀዘቅዛለች፣ ከላይ ያለው አየር ሞቅ ይላል፣ ወደ ሰማይ ያመለጠው ድምፅ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል። ጡሩምባው ከአድማስ ወዲያ የሚያንጎራጉር የሚመስለው ለዚህ ነው።

«ነጂው ሲያልፈን ጡሩምባውን ዝቅ ያደርገዋል»

ነጂው ምንም አይነካም። ባቡሩ ሲቀርብ የድምፁ ሞገዶች ይጠጋጋሉ፣ ሲርቅ ይራራቃሉ፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር በመምጣትና በመሄድ መካከል ድምፁ 15 በመቶ ያህል ይወፍራል። የፊዚክስ ሊቁ ክርስቲያን ዶፕለር ነገሩን በ1842 እ.ኤ.አ. በስሌት ጻፈው። በ1845 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባይስ ባሎት የተባለ የኔዘርላንድ ሳይንቲስት በባቡር ላይ ነፊዎችን ጫነ፣ ሐዲዱ ዳር ጆሯቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን አቆመ፤ ባቡሩ ሲመጣና ሲሄድ ያው ቃና ሲለወጥ በጆሯቸው መሰከሩ። ፍጥነት በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ ያን ጊዜ ከባቡር ሌላ አልነበረም። ከመስኮቴ በየቀኑ በነፃ የምሰማው ሙከራ ነው።

ጡሩምባውም ቢሆን ሰፈር ለመረበሽ አይነፋም። የመኪና መንገድ ሐዲድ በሚያቋርጥበት ቦታ አጠገብ የሚኖር ሰው ብዙ የሚሰማው ሕግ ስለሚያስገድድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥርዓቱ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ነው።

«ጠመዝማዛው ላይ የሚጮኸው ፍሬን ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። ግራና ቀኝ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው ስለሚዞሩ፣ ጠባብ ኩርባ ላይ ጎማው ሙሉ በሙሉ መታጠፍ ሲያቅተው ወደ ጎን ይንሸራተታል። የሚንሸራተተው ያዝ ለቀቅ እያለ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጎማው እንደ ደወል ይጮኻል።

«ባቡር ማለት ቷ-ቷ፣ ቷ-ቷ ነው»

ያ ድምፅ የሐዲድ መጋጠሚያ ነው፤ በብዙ ዋና መስመሮች ላይ ጠፍቷል። ሐዲዱ በብየዳ ስለተቀጣጠለ ክፍተት የለም። «ታዲያ ሲሞቅ የት ይሂድ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። 1 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር፣ ልቀቁኝ ቢል በ35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግን አይለቀቅም። ከታች ያሉት አግዳሚዎችና ጠጠሩ ጨምድደው ይይዙታል፤ ሲታሰርም በቀዝቃዛና በሞቃት መካከል ባለ የሙቀት ልክ ነው። ኃይሉ ብረቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል። ያ ጠጠር እንዲሁ የተደፋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

አሮጌ መስመር አጠገብ ያላችሁ ግን ታደላችሁ። የአንዱ ሐዲድ ርዝመት 25 ሜትር ከሆነና አንድ ጎማ በሰከንድ አንድ መጋጠሚያ ከመታ ባቡሩ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው።

«ሲመጣ እሰማዋለሁ»

አሁን ወደሚያስፈራው ደረስን። ከፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር፣ በተለይ ኤሌክትሪክ ከሆነና ሐዲዱ የተበየደ ከሆነ፣ ከጎን ቆመን ከምንሰማው በእጅጉ ዝም ያለ ነው። ነፋስ ከኋላችን ከነፈሰ ወይም ጆሯችን ላይ ሙዚቃ ካለ አለቀ። ዓይንም ያታልላል፤ ትልቅ ነገር ዝግ ብሎ የሚሄድ ይመስላል፤ ለማረፍ የሚወርደውን አውሮፕላን አስታውሱ።

«ቢያየኝ ያቆማል» የሚለው ከዚህም ይብሳል። የብረት ጎማ ሐዲዱን የሚነካው በጣት ጥፍር በምታህል ስፍራ ነው። ባቡር በትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቶሎ የማይቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ከ100 በላይ ፉርጎ ያለው የዕቃ ባቡር ለመቆም 1.6 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ነጂው ሰው ሲያይ በአብዛኛው የቀረው ነገር ጡሩምባው ብቻ ነው።

«ሐዲዱን ካልረገጥኩ ምን አለበት?» ለሚለውም፦ በመደበኛው ሐዲድ ሁለቱ ብረቶች በ1,435 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ 3 ሜትር ስፋት ያለው ፉርጎ በየጎኑ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሐዲዱ ወጥቶ ይሄዳል። ጥሩ ተመልካች ከአጥር ወዲህ የቆመ ነው።

«ሐዲድ ላይ የተቀመጠ ሳንቲም ባቡር ይገለብጣል»

አይገለብጥም። ይጨፈለቃል፣ ወይም ተፈናጥሮ ሰው ይመታል። የሚገድለው ሳንቲሙን ለማስቀመጥ መሄዱ ነው።

«ባቡር ሁሉ አንድ ነው፤ አንዴ ያየ ሁሉንም አየ»

ይህን የሚለኝ ሰው መስኮቱ ጋ ሲቆም ዓይኑን እንጂ ጆሮውን ይዞ አይመጣም። ባዶ ፉርጎ ይንኳኳል፣ የተጫነው ያጉረመርማል። ጎታቹ ከፊት ሲጀምር በፉርጎዎቹ መካከል ያለው ላላ ያለ ማያያዣ በተራ እየተወጠረ ከፊት እስከ ኋላ ነጎድጓድ ይሮጣል። አንዳንዴ ደግሞ ከእነዚያ ሁሉ መካከል አንዷ ፉርጎ ብቻዋን ታ-ታ-ታ-ታ እያለች ትመጣለች፤ የሆነ ቀን ፍሬን ጎማዋን ቆልፎ ሐዲዱ ላይ ሲጎትተው አንድ ጎኑ ጠፍጥፏል። በመስኮቴ በኩል ታልፍና ሌሎቹ ከጠፉ በኋላም እሷ ለብቻዋ ትሰማለች።